የሐጅ ዛኪር ሞተር የጠፋ ሰሞን

ሰኞ ጠዋት ሐጅ ዛኪር ወፍጮ ቤት ስደርስ የመርሳ ግማሹ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። በእኛ ከተማ ወሬ ከፖሊስ ይፈጥናል፤ እንግዲህ ምን ይደረግ። ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ገባሁ። ድንጋዩ አለ። ቋቱ አለ። ሚዛኑ አለ። የሞተሩ ቺንጋ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሞተሩ የለም።

ያ ሞተር ለእኔ ዝም ብሎ ብረት አይደለም። እኔ ብሩክ፣ የሀብሩ ወረዳ ፖሊስ ኢንስፔክተር፣ ያደግሁት በእሱ ድምፅ ነው። ጠዋት ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር እናቴ «ተነስ፣ ሐጅ ዛኪር አስነስተዋል» ትለኝና ማሽላውን በአህያ ጭነን እንወርድ ነበር። ሴቶቹ ተራ ይዘው ይጫወታሉ፣ ይተማማሉ፣ ተጣልተው እዚያው ይታረቃሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሲወጣ ያው ዱቄት ለብሶ ነው። በበዓል ዋዜማ ሐጅ እኛን ልጆቹን አንድ በአንድ እህል ሚዛኑ ላይ ያወጡንና «ብሩክ ዘንድሮ ምንም አልጨመርክም፣ እናትህ እየበላችብህ ነው» ይሉ ነበር። አሁን ከተማው የመብራት ወፍጮ ሞልቶታል። መብራት ሲጠፋ ግን፣ መቼስ የማይጠፋበት ቀን የለም፣ ሰዉ ዛሬም የሚሮጠው ወደዚህ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ምነው ፈዘዙ?» አለችኝ ሳጅን ማና። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ይብሳል።

«አልፈዘዝኩም። ፎቶ አንሺ።»

«ምኑን ላንሳ? የሌለውን?»

የሟቹ የሐጅ ዛኪር ልጅ ዓቢዳ ባዶው ሲሚንቶ አጠገብ ቆማለች። አባቷ ባለፈው ዓመት ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን የምታሠራው እሷ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አታለቅስም፤ ተናዳለች።

«ማን ወሰደው ትያለሽ?»

«ሂሻም ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

ሂሻም ባሏ ነው፤ በደሴና በወልድያ መንገድ አይሱዙ ይነዳል። ሊፋቱ ነው። ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ የመርሳ ዶሮም ያውቃል።

«ባለፈው ዓመት ሞተሩን ሸጠን ሁለተኛ መኪና እንግዛ ብሎ ስንት ቀን ጨቀጨቀኝ። እምቢ አልኩ። ይኸው ሐሙስ ቃዲውና ሽማግሌዎቹ ንብረት ሊያዩ ይመጣሉ። ሞተር ከሌለው ይኼ ወፍጮ ቤት አይደለም፣ ባዶ ቤት ነው። ሸጣችሁ ተካፈሉ ይሉናል። ከዚያ ልጆቼን ምን ላብላቸው? ንገረኝ እስቲ ብሩክ፣ ምን ላብላቸው?»

ቅዳሜና እሁድ የት እንደነበረች ጠየቅኳት። ልጆቿን ይዛ ግራና፣ የአክስቷ ሰደቃ ላይ። እናቷ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቤት ቀርተዋል። ዛሬ ማለዳ ስትመለስ የወፍጮ ቤቱን በር ከፈተች፣ ሞተሩ የለም። ቁልፉ አልተሰበረም። እሁድ የሠፈሩ ልጆች በሩ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ውለዋል፤ ከወጣም የወጣው ቅዳሜ ነው።

«ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ። እማ ጋ። ሂሻምም አልመለሰልኝም።»

ማና አቀርቅራ ሲሚንቶውን ስታይ ቆይታ ጠራችኝ። ሞተሩ የታሰረባቸው አራት ብሎኖች ቦታቸው ላይ ናቸው። ሞተሩ ከወጣ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ ሰው እየመለሰ በየብሎናቸው ላይ በእጁ አዙሮ አስገብቷቸዋል። ግሪስ ሁሉ ቀብቷቸዋል።

«ዳዶ የሚመልስ ሌባ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ጨዋ ቤት ያደገ ሌባ ነው ማለት ነው።»

ወደ ጓሮ ወጣሁ። እትዬ ረሂማ፣ የሐጅ ባለቤት፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው የአገዳ ክምር እየመዘዙ ላማቸውን ያበላሉ። ወዲያ አጥሩ ጥግ፣ ሣሩ ነጥቶ ክብ ከሠራበት ቦታ ላይ፣ ዶሮዎች ይጭራሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ብሩኬ፣ ደግ ዋልክ? ልጆች ደግ ናቸው?»

«ደግ ናቸው እትዬ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ። እርጅና ነው፣ ምን ይባላል።»

«ቅዳሜ ምንም አልሰሙም? ያንን የሚያክል ብረት ከቤትዎ ሲወጣ?»

«ምኑን እሰማዋለሁ ልጄ። ጆሮዬም እኮ እንደ ጉልበቴ ሆኗል።»

ጎረቤታቸው አሚና፣ በራቸው ላይ ማንጎ የምትሸጠው፣ ከእሳቸው የበለጠ ልትነግረኝ አልቻለችም። «ቅዳሜ ሙሉ ቀን እትዬ ረሂማ መንዙማ ከፍተው ነበር። የአላህ ያለህ፣ ድምፁ! ደንበኛዬ ስንት ነው ሲለኝ አልሰማውም። ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት ግን። ሐጅ ከሞቱ ወዲህ እኮ ያንን ቴፕ ነክተውት አያውቁም።»

እኔም ደስ አለኝ። ሐዘናቸው ቀለል አለላቸው ማለት ነው ብዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ፖሊስ ነኝ ባይ!

*

በማግስቱ ማክሰኞ ወልድያ ወጣን። የዓቢዳ ወንድም አማን መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አለው። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቱግ አለ።

«እኔን ትጠረጥራለህ? አብረን ውሃ የወረድን ልጆች?»

«አልጠረጠርኩም። እየጠየቅኩ ነው። ወፍጮው ላይ ጥያቄ አለኝ ብለህ ለቃዲው ማመልከትህን ሰምቻለሁ።»

«አዎ አመልክቻለሁ፣ ምን አጠፋሁ? የአባቴ ንብረት ነው። አባቴ ሞቷል። በሸሪዓው ድርሻዬ ይውጣ አልኩ። እሷ አባባ በቁሙ ሰጥቶኛል ትላለች። መቼ ሰጣት? ማን አየ? እኔ አላየሁም። ከዚያ ባሏ ደግሞ በበኩሉ ግማሹ የእኔ ነው ሊል ነው። የአባቴ ወፍጮ ለሰው ልጅ ሲከፋፈል ዝም ብዬ ልይ?»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ሐራ፣ ሠርግ። በሬውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይኸው!» ብሎ በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቱን አሳየኝ። «እሁድ ማታ ነው የተመለስኩት። ሐራን በሙሉ ጠይቅ።»

ማና ሐራ ስልክ ደወለች። ሐራ በሙሉ መሰከረለት፤ እንዲያውም በሬው ሊያመልጠው ነበር እያሉ ሳቁበት።

ስንወጣ አማን ከሱቁ በር ድረስ ተከተለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ብሩክ፣ ሞተሩ እውነት የለም?»

«የለም።»

«አባባ አንዴ ቢሰማ…» ብሎ ፊቱን አዞረ። ለድርሻው ብቻ አይደለም የተናደደው፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀጥለን ወደ ሓየሎም ዘንድ ሄድን። አባቱ ከትግራይ መጥቶ ወልድያ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ እሱም ያባቱን ሱቅ ይዞ የሞተርና የወፍጮ ዕቃ ይሸጣል። አሮጌ ሞተር የሚሸጥ ሰው በዚህ አገር እሱን ሳያማክር አይሸጥም።

«የሐጅ ዛኪርን ሞተር?» አለ። «ማንም አላመጣውም። ቢያመጣውም እዚሁ አስቀምጬ እደውልልህ ነበር። ደግሞ ማን ይገዛዋል? ዕድሜው ካንተ ይበልጣል።»

«ፈታትቶ ቢሸጠውስ?»

«ብረት ለቃሚ ካልሆነ። ወይኔ፣ ሐጅ! በየዓመቱ ራሳቸው እየመጡ ፊልትሮ ይገዙ ነበር። ቁጭ ብለን ስንጫወት ዕቃውን ረስተው ይሄዱና አማቻቸውን ይልኩታል።» ሳቀ። «ታስታውሳለህ ያ የጦርነቱ ጊዜ? ወልድያ ሁሉ ገበሬ ሆኖ ነበር እኮ። ዶማ የሌለው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ግማሹን ሱቅ ከመኝታ ቤቴ ስር ነው ያስገባሁት። እስካሁን ያላወጣሁት ዕቃ አለ፣ የት እንደቀበርኩት ጠፍቶኝ!»

አብሬው ሳቅኩ። ያን ጊዜ የእኔም ሚስት የሠርግ ወርቋን ጌሾው ስር ቀብራ ነበር። ሳቅን፣ ሻይ ጠጣን፣ ሞቱን ሁሉ ረስተን የጦርነቱን ጊዜ እንደ ደግ ዘመን አወራነው። ሰው ግራ የገባው ፍጡር ነው። ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ።

*

ሂሻምን ከሰዓት በኋላ ጣቢያ አስጠራሁት። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ውርጌሳ። መኪናው ተበላሽቶብኝ እዚያው ዋልኩ፣ አደርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ሰው አየኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ማና ወጥታ ስልክ ደወለች። ውርጌሳ ትንሽ ቦታ ናት፤ አውራ ጎዳናው ዳር የተበላሸ አይሱዙ ቆሞ ካደረ የማያየው የለም። ተመልሳ መጥታ ጆሮዬ ላይ «የለም። ማንም አላየውም» አለችኝ።

«ሂሻም፣ ዋሽተሃል። ቁልፍ አለህ። ሞተሩን ለመሸጥ ፈልገህ ነበር። ሐሙስ ንብረት ይቆጠራል። የነበርክበትን አትናገርም። እኔ ምን ላስብ?»

«የመሰለህን።»

«ሞተሩን ወስደሃል?»

«ሰርቄ አላውቅም» አለ። ቀና ብሎ አየኝና ድንገት «እማ ደህና ናቸው?» አለኝ። እትዬ ረሂማን ማለቱ ነው። ጉልበታቸውን አስቦ ይሆናል አልኩ። አሰርኩት። ምን ላድርግ? ያየሁት ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚያሳየው።

ማታ እራት የመጣለት ከሆቴል አልነበረም። እትዬ ረሂማ ራሳቸው፣ ያንን ጉልበት እየጎተቱ፣ በሰሐን ይዘው ጣቢያ መጡ። ማና በሩ ላይ ተቀብላቸው ወደ እኔ ዞረች።

«ልጃቸውን የሚፈታውን፣ ሞተራቸውን የሰረቀውን ሰው ያበላሉ?»

«ወሎ ነው» አልኳት። «እኛ ጋ የታሰረ ሰው አይራብም።»

«እኔም ወሎ ነኝ» አለችኝ ማና። «እኔ ግን አላበላውም ነበር።»

*

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አንድ ገበሬ መንገድ ዳር አገዳ ሲከምር አየሁ። ቆሜ አየሁት። ስሩን በድንጋይ ያነጥፋል፣ አገዳውን እያሰረ እያቆመ ይደረድራል፤ ጎበዝ ሰው እንኳ የሚውልበት ሥራ ነው። አንዴ ከተከመረ ላሟ እስክትጨርሰው ማንም ነቅንቆት አያውቅም። አባቴም ነቅንቆት አያውቅም፣ ሐጅ ዛኪርም። የሐጅ ክምር ደግሞ ከድሮም የት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ልጆች ሆነን ስር ስሩ ድብብቆሽ ተጫውተናል። አጥሩ ጥግ ነው። ዶሮዎቹ የሚጭሩበት ቦታ።

ታዲያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ፣ ክምሩ ገና ሳያልቅ፣ ክምሩን ከአጥሩ ጥግ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ምን አስዛወራቸው? ሙሉ ቀን የተከፈተው መንዙማ ምን ሊሸፍን ነው? ዳዶ ተመልሶ፣ ግሪስ ተቀብቶ የሚቀመጠው ለማን ነው? ነገ ለሚመለስ ሞተር ነዋ! አንተ ደደብ አልኩ ራሴን፣ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብዬ። ገበሬው ለሱ የተናገርኩ መስሎት ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ።

እትዬ ረሂማን ከክምሩ ጎን አገኘኋቸው። ዓቢዳ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ወጥታለች። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሞተሩ ከዚህ አገዳ ስር ነው አይደል?»

ብዙ አልተግደረደሩም። አገዳውን ከእጃቸው ለላሟ ለቀቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በደንብ ተጠቅልሏል» አሉኝ። «ዝናብ አይነካውም።»

«ለምን እትዬ? ለምን?»

«አንተ ልጅ፣ ረሳኸው እንዴ? ያ ሁሉ ጦር በዚህ ሲያልፍ ያየውን ወሰደ። የነ እገሌን ወፍጮ ነቅሎ ሄደ። የኛ ተረፈ። ለምን ተረፈ? ሐጅ እዚህ ቀብረውት ነበራ። ያልታየ ነገር አይወሰድም። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ያላዩትን ምን ብለው ይጽፋሉ? እነሱ ሲሄዱ አወጣውና ልጄ ትሠራበታለች።»

«ሽማግሌ እኮ ጦር አይደለም።»

«ጦርማ ይሻላል። ጦር ይመጣና ይሄዳል። ሽማግሌ የጻፈው ግን አይሄድም።»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ነገሩን በቀስታ አስረዳኋቸው። አባት በቁሙ ለልጁ የሰጠው የልጅቷ የራሷ ነው፤ ባል ፈታሁ ብሎ አይካፈለውም፤ ወንድምም ውርስ ነው ብሎ አይከፍለውም። ለዚያ ጉድጓድ አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ምስክር ነው። ንብረት የደበቀ ሰው ግን ቃሉ ይወድቅበታል። ሐሙስ ሞተር የለም ተብሎ ቆይቶ ኋላ ቢገኝ፣ ሰጡኝ የምትለውን ዓቢዳን ማን ያምናታል?

እትዬ ረሂማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ያረቢ! እኔ ነኝ ለካ የማጠፋት!»

«ሲሰጧት ማን ነበረ?»

«እኔ ደሴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። የሠፈር ሽማግሌ ሁለት ጠርተው ነበር አሉ። ሁለቱም ሞተዋል። ኧረ እኔን ይድፋኝ!»

«እሺ። ማን ቆፈረልዎ?»

ከክምሩ አንድ አገዳ መዘው ለላሟ ሰጡ።

«እትዬ፣ ይኼን የሚያክል ብረት እርስዎ አልተሸከሙትም። ማን ነው ፈቶ፣ ጠቅልሎ፣ ቆፍሮ የቀበረው? አንድ ሰው በሐሰት አስሬአለሁ፣ ይንገሩኝ ልፍታው።»

እትዬ ረሂማ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ የለውም ለቅሷቸው፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

«ያሰርከው እሱ ነው እኮ» አሉኝ።

«ሂሻም?»

«ማን አለኝ ሌላ ልጄ? ያኔ ከሐጅ ጋር በሌሊት የቀበረው እሱ ነው፤ የት እንደሆነ ለዓቢዳም አልነገርናትም። ጉድጓዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ አፈታቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ልጄ አማን ይቅር ይበለው፣ ለራሱ ነው የሚፈልገው። ሂሻምን ጠራሁት። መኪናውን ግራር ስር ደብቆ በእግሩ መጣ።»

«እና ምን አሉት? ከማን ነው የምንደብቀው ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ። ካንተም ነው አልኩት። ዋሽቼው አላውቅም። ካንተም፣ ከአማንም፣ ከሽማግሌም አልኩት። ዶማው የት ነው እማ? አለኝ።»

ላሟ ታኝካለች። ስንት ዓመት ፖሊስ ስሆን ሰው ከራሱ ላይ ንብረት ሲደብቅ አይቼ አላውቅም።

«ትናንት እራት ይዤለት ስሄድ ልናገር ነው አልኩት። አብሽሪ እማ፣ ሐሙስ እስኪያልፍ ዝም በይ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ፈሪ ነኝ ብሩኬ። ለልጄ ብዬ የሰው ልጅ አሳሰርኩ።»

*

ዓቢዳን ጣቢያ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም። ሂሻምን ከማረፊያው አውጥቼ ፊቷ አቆምኩት።

«እውነት ነው?»

«እማ ቅዳሜ ለማንም አትንገር ብለውኝ ነበር።»

«አሳስሬሃለሁ እኮ አንተ ሰው! ሌባ ብዬ በከተማ ፊት አሳስሬሃለሁ!»

«አንድ ሌሊት ነው። መኪና ውስጥ ከማድር ይሻላል።»

ዓቢዳ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ክሱን የምታነሳበት ወረቀት ላይ ፈረመች። ማና ውሃ አመጣችላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አወጣነው። ሂሻም ቆፈረ፣ እኔ ሸሚዜን አውልቄ ገመዱን ጎተትኩ። የናፍጣ ቱቦው አፍ ሳይቀር በጨርቅ ታስሯል። ሕፃን ልጅ እንዲያ አይጠቀለልም።

ሐሙስ ማንጎው ጥላ ስር ምንጣፍ ተነጠፈ። ቃዲው መሐል ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ዙሪያ። አማን ከወልድያ መጥቶ ጥግ ይዟል። እኔ ሥራዬ አልቆ ነበር፤ ግን መሄድ አቃተኝ፣ ግንድ ተደግፌ ቆምኩ። ቃዲው ስለ ቤቱ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ከዚያ ወፍጮው ላይ ደረሱ።

«አባቴ በቁሙ ሰጥቶኛል» አለች ዓቢዳ።

«ማን ያውቃል?»

«የነበሩት ሁለቱም ወደ አኼራ ሄደዋል።»

«እኮ! ማን አየ?» አለ አማን። «ቃል ብቻ ነው ያላት።»

ቃዲው ዙሪያውን አዩ። «ሌላ የነበረ ሰው አለ?»

እትዬ ረሂማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያደርጋሉ። ዓቢዳ አቀረቀረች። አለቀላት አልኩ።

«እኔ ነበርኩ» አለ ሂሻም።

ሁሉም ዞረ።

«ዘይት ልቀይር ከሞተሩ ጀርባ ተንበርክኬ ነበር። ሐጅ አላዩኝም መሰለኝ። የማስነሻውን ብረት እጇ ላይ አስቀምጠው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፣ ለማንም አይደለም፣ ለባልሽም አይደለም አሏት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይኼን ስትል ራስህ ከወፍጮው ምንም እንደማታገኝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ማል።»

ማለ። አማን ተነስቶ «ይኼ ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም» አለ። «ጥያቄዬን ትቻለሁ።» ከዚያ ሄዶ የሞተሩን ጎን በእጁ ዳሰሰና ልጅ ሆኖ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ።

ታረቁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልታረቁም። ሂሻም «በጦርነቱ ጊዜ ሞትን አብረን ችለን ነበር፤ ሰላም ሲሆን ነው ያቃተን» አለ፤ ዓቢዳም እውነቱን ነው አለች። ወፍጮው የእሷ ሆነ፣ መኪናው የእሱ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሱ።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ሂሻም ልብሱን በሻንጣ ይዞ ሊወጣ ሲል እትዬ ረሂማ በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ልሂድ እንጂ እማ። ተፋታን እኮ።»

«የፈታችህ እሷ ናት። እኔ መች ፈታሁህ?»

ሂሻም ሻንጣውን ያዘ፣ ለቀቀ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እትዬ ረሂማ ራሱን እየዳበሱ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» ይሉታል። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን ብዬ ልደብቅ።

ዓቢዳ ከትሪው አጠገብ ቆማ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ልጆቿ ዞረች።

«ጠጋ በሉ» አለቻቸው። «ለአባታችሁ ቦታ ልቀቁ።»